ሎዲ ብዬ የጠራኋት ቀን

ፈረንሳይኛ ሊማሩ ወደ እኔ የሚመጡ ልጆች ገና የመጀመሪያው ሳምንት ሳያልቅ አንድ ጥያቄ ያነሳሉ። «መምህርት፣ ሰውን መቼ ነው ቩ የምንለው፣ መቼ ነው ቲዩ የምንለው?» ይሉኛል። ቋንቋውን ለማያውቅ ሰው ለመንገር ያህል፣ ቩ እንደ እኛው «እርስዎ» ነው፤ ቲዩ ደግሞ «አንተ» ወይም «አንቺ»። መጽሐፉ ለዚህ ጥያቄ ግማሽ ገጽ መልስ አለው፤ እሱን ያነቡታል፣ ፈተናም ይመልሱበታል። እኔ መልሱን ያገኘሁት ግን እዚሁ አዳማ፣ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ፣ የአንዲት እናትና የልጇ ነፍስ መሐል ቆሜ ነው። ተማሪዎቼ ይህን ታሪክ በቁርጥራጭ ሰምተውታል፤ ዛሬ ሙሉውን ልናገር።

ያን ጊዜ ከፖስታ ቤት አለፍ ብሎ ባለ አንድ ፔንሲዮን እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። ኮሌጅ ጨርሼ ሥራ ሳጣ ቆይቼ ያገኘሁት ነው። ቁልፍ እሰጣለሁ፣ ቁልፍ እቀበላለሁ፣ ውሃ ሲጠፋ እንግዶቹን እለምናለሁ። ትርፍ ሰዓቴን ግን ጋሽ መኮንን በረንዳ ላይ ፈረንሳይኛ ስማር ነበር የማሳልፈው። ጋሽ መኮንን ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያደጉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፈረንሳይኛ ሲያስተምሩ የኖሩ ጡረተኛ ናቸው። በዚህ በአዳማ ሙቀት፣ አቧራውም ነፋሱም እያለ፣ ኮትና ከረባት ለብሰው ነው የሚያስተምሩት። ፈረንሳይኛቸውም እንደዚያው ከረባት ያሰረ ነበር። ቲዩ ላይ ሲደርሱ «እሱን ለጊዜው ተይው» ብለው ያልፉታል። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው መነጽራቸውን አውልቀው «ልጄ፣ ከአክብሮት ብዛት የሞተ ሰው የለም» አሉኝ።

አባባሉ ልቤ ውስጥ ገባ፤ የገባው ደግሞ ባደግኩበት ቤት ምክንያት ነው። አባቴ የምንጃር ሰው ናቸው። እኛ ቤት አባት አንቱ ነው፣ እናት አንቱ ናት፣ ታላቅ ወንድሜ እንኳ ጢም ሲያበቅል ወደ አንቱ ተሻግሯል። ጎረቤታችን እነ ፋጡማ እናታቸውን አንቺ እያሉ አንገቷ ላይ ሲጠመጠሙ ሳይ፣ እነዚህ ልጆች ሰማይ አይደፋባቸውም እንዴ እል ነበር። ሌላም ልማድ አለን። እኛ ስንደነግጥ አክብሮታችን ይጨምራል። ፖሊስ ፊት፣ ሐኪም ፊት፣ አባቴም የተቆጡ ቀን ድምፃችን ይቀጥናል፣ ቃላችን ይረዝማል፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ሳይባል አንዲት ነገር ከአፍ አይወጣም። ይህ ልማድ መሆኑን ራሱ አላውቅም ነበር፤ ሰው ሁሉ እንዲህ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ጌቱና ኤሎዲ ወደ ፔንሲዮናችን የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ጌቱ የአቦምሳ ልጅ ነው። ፈረንሳይ ሄዶ ተምሮ፣ እዚያው ሠርቶ፣ እዚያው አግብቶ፣ በቅርቡ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ከነሚስቱ መጥቷል። እናቱ ምራታቸውን ገና በዓይናቸው አላዩም። ኤሎዲ እርጉዝ ነበረች፤ ቀኗ እስኪደርስ ትንሽ ይቀራታል። ሶደሬ አርፈው፣ ሙቀቱ ሲከብዳት አዳማ ገብተው፣ እናቱ ከአቦምሳ ወደ እነሱ እንዲመጡላቸው እየጠበቁ ነበር። ቀይ ፀጉሯን ወደ ላይ አስራ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ደረጃውን ስትወርድ አያታለሁ። ፈረንሳይኛ የምናገር መሆኔን ስትሰማ እንደ ልጅ ነው የተደሰተችው።

እኔም እንዳቅሜ አስተናገድኳት። «ማዳም፣ እንዴት አደሩ? ማዳም፣ ደህና ተኙ? ማዳም፣ ሌላ የሚያስፈልግዎ ነገር ይኖር ይሆን?» ጋሽ መኮንን ቢሰሙኝ ዕንባቸው ይመጣ ነበር። አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ እጄን ያዝ አድርጋ፣ በዕድሜ እኮ እኩያሞች ነን፣ እርስዎ አትበይኝ፣ አንቺ በይኝ አለችኝ። «እሺ ማዳም፣ እርስዎ እንዳሉት» አልኳት። በሳቅ ፈረሰች። እኔ ምን እንዳሳቃት የገባኝ ቆይቶ ነው።

በማግስቱ ማለዳ ለጌቱ ስልክ ተደወለለት። የእናቱ ታላቅ ወንድም አርፈዋል፤ ቀብሩ ያን ቀን ነው። አጎቱ ናቸው፣ አለመሄድ አይቻልም። እርጉዝ ሴት ይዞ በዚያ መንገድ መጓዝም አይታሰብም። ዓይኑ ቀልቶ ወደ እኔ መጣና «አደራ» አለኝ። «ሳይመሽ እመለሳለሁ። አንቺ ቋንቋዋን የምትችይ ባትሆኚ ጥያት አልሄድም ነበር።» አደራ የሚለው ቃል ከባድ ነው፤ ግን ልዋሻችሁ አልችልም፣ ደረቴም ትንሽ ተነፋ። ያ ሁሉ ግስ ማርባት ለአንድ ቀን ቁም ነገር ሊውል ነው።

ረፋዱ ላይ ኤሎዲ ግቢው ጥላ ሥር ተቀምጣ ከእህቷ ጋር በስልክ ምስል እያየች አወራች። እኔ አጠገቧ ጠረጴዛ እወለውላለሁ፤ ጆሮዬ ግን እዚያው ነው። በሞቴ፣ አንድ ነገር እንኳ አልገባኝም። ጋሽ መኮንን «አላውቅም» ለማለት አራት ቃል በየተራ ያስጠሩኛል፤ እነሱ በአንድ ትንፋሽ «ሼፓ» ብለው ይጨርሱታል። ቃሉን ይውጡታል፣ ጫፉን ይቆርጡታል፣ አንዱን ባንዱ ላይ ይጥሉታል። የተማርኩት ሌላ ቋንቋ ነው እንዴ ብዬ ከልቤ ደነገጥኩ።

ቋንቋው ባይገባኝም የማየው ይገባኝ ነበር። ለእኔ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ፈገግ የምትለው ሴት፣ እህቷ ፊት ወንበሩ ላይ ተደፍታ፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ታለቅሳለች። ፈርታለች። አገሩን የማታውቅ፣ ባሏ አጠገቧ የሌለ፣ መውለጃዋ የደረሰ ሴት ናት፤ መፍራቷን ግን ለእኔ ነግራኝ አታውቅም። እህቷ «ሎዲ» ነው የምትላት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ኤኩት፣ ሎዲ። ሽዊ ላ። ሽዊ ላ» ትላለች ደጋግማ። «ኤኩት» ስሚኝ ማለት ነው፣ እሱን አውቃለሁ። «ሽዊ ላ» የትም ያላየሁት ቃል ነው። ቆይቼ ሳስበው፣ እኔ «ዠ ስዊ ላ» እያልኩ የማነበው ነው፤ እዚህ ነኝ ማለት ነው። እኛ አለሁልሽ የምንለው። ኤሎዲ ያን በሰማች ቁጥር ትከሻዋ ይወርድና ትንፋሿ ይረጋል።

ስልኩን ዘግታ ቀና ስትል አየችኝ። ፊቷን ጠርጋ ፈገግ አለች። ደህና መሆኗን በትሕትና ጠየቅኳት፤ እሷም ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ አለችኝ በትሕትና። ለካ ከማለዳ ጀምሮ ወገቧን ሲቆርጣት ነበር። ለእህቷ ነግራታለች፤ ለእኔ ግን አልነገረችኝም። እኔ እርስዎ እያልኩ በር ዘግቼባት ደጅ ቆሜ፣ እሷ ምን ብላ ትክፈትልኝ?

ከምሳ በኋላ ደረጃው ላይ የእንሽርት ውሃዋ ፈሰሰ።

ጌቱ ጋ ብንደውል ስልኩ አይነሳም። ቀብር ላይ ነው፣ ማን ስልክ ያነሳል። የመጀመሪያውን ባጃጅ አስቁሜ ደግፌ አስገባኋት። ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር እጄን ስትጨብጠኝ አጥንቴ ይሰማኛል፤ ከዚያ ደግሞ ይቅርታ ትለኛለች። እኔም ምንም አይደለም ማዳም እላታለሁ። አሁን ሳስበው ሁለት እብዶች ነበርን፤ አንዷ እያማጠች ይቅርታ የምትጠይቅ፣ ሌላዋ እየተንቀጠቀጠች ማዳም የምትል።

ሆስፒታሉ ስንደርስ የተቀበሉን አዋላጅ ሲስተር ጫልቱ ይባላሉ። ጎልማሳ፣ ወፍራም፣ እጃቸው ትልልቅ፣ አረማመዳቸው የማይቸኩል ሴት ናቸው። ከሚያምጡት ሴቶች አንዷን «ጀባዱ» ይሏታል በኦሮምኛ፣ በርቺ ማለታቸው ነው፤ ሌላዋን በአማርኛ «አይዞሽ የኔ እናት» ይሏታል። ቋንቋውን ይቀያይሩታል፣ ድምፁ ግን ያው ነው። እኔን ከላይ እስከ ታች አይተው እህቷ ነሽ ወይ አሉኝ። አይደለሁም፣ አስተርጓሚ ነኝ ብላቸው፣ አስተርጓሚም ቢሆን ሰው ነው፣ ጋዋን ልበሽና ግቢ አሉ። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ክፍል ነበር፤ በሌላ ሴት ተይዟል። እሳቸው ግን አልተጨነቁም፣ ሁሉም ደህና ነው አሉ።

እንዲህ ሆነን ከሰዓት በኋላውን ቆየን። እሳቸው የሚሉትን እኔ አስተረጉማለሁ። ምጡ ሲመጣ «ነይ እስቲ፣ ያዢኝ፣ እንዲህ ተንፍሺ የኔ ቆንጆ» ይላሉ፤ እኔ ወደ ፈረንሳይኛ ስመልሰው «ማዳም፣ በዝግታ ይተንፍሱ ዘንድ ይመከራሉ» ሆኖ ይወጣል። ኤሎዲ ዓይኗን ጨፍና «ሜርሲ» ትላለች። ሲስተር ጫልቱ ፈረንሳይኛ አንድ ቃል አያውቁም፤ ግን ጥቂት አዳምጠው ወደ እኔ ዞሩና «ልጄ፣ ምንድን ነው የምትያት? ዜና የምታነቢ ነው የምትመስይው» አሉኝ። አፈርኩ። ያለኝ ፈረንሳይኛ ያ ብቻ ነው፤ የሚያባብል ቃል ማንም አላስተማረኝም።

ኮሪደሩ ላይ የሌሎች እናቶች ቤተሰብ ተሰብስቧል። ከውስጥ ድምፅ ሲሰሙ ለማን እንደሆነ ሳይጠይቁ «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ፤ አንዲት እናት ደግሞ መቁጠሪያቸውን ይዘው «ያ አላህ» ይላሉ። ኤሎዲ ምን እንደሚሉ ጠየቀችኝ። ለእርስዎ እየጸለዩ ነው ማዳም ብዬ ነገርኳት። ለእኔ? አንዳቸውም እኮ አያውቁኝም አለች፣ ዓይኗ ሞላ። ከዚያ ሌላ ምጥ መጣና ወሬያችን ተቋረጠ።

ፀሐይ ወደ መስኮቱ ዝቅ ስትል መግፊያዋ ደረሰ። ገፋች፣ ገፋች፣ ሲስተር ጫልቱ ፊታቸው በራ፣ ጭንቅላቱ ወጣ አሉ። ኤሎዲ ወደኋላ ወደቀች፣ ያበቃ መስሏት። እኔም ያበቃ መስሎኝ ፈገግ ልል ነበር። ከዚያ የሲስተርን እጅ አየሁ። ቆመ። ያ የማይቸኩል እጅ ቀጥ ብሎ ቆመና ፊታቸው ሌላ ሆነ። ከሚያግዟቸው ሁለት ነርሶች አንዷን በኦሮምኛ አንድ ነገር አዘዟት፤ ሮጣ ወጣች። ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

«ስሚኝ። ትከሻው ተይዟል፣ አልወጣም አለኝ። ይህ ልጅ ጊዜ የለውም። አሁኑኑ ትገልበጥ፣ በጉልበቷና በእጇ ትሁን። አሁን ንገሪያት።»

አፌን ከፈትኩ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም፤ እኔ ስደነግጥ ደግሞ ምን እንደምሆን ነግሬአችኋለሁ። ከአፌ የወጣው በጋሽ መኮንን ሰዋስው የተሰካካ፣ አንድም ስህተት የሌለበት ረጅም ዐረፍተ ነገር ነበር። ማዳም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሚቻልዎ ከሆነ በጉልበትዎና በእጆችዎ ላይ ይሆኑ ዘንድ በትሕትና እንጠይቅዎታለን። ኤሎዲ አልሰማችኝም። ዓይኗ ተከፍቷል፣ ጣሪያው ላይ ነው፤ እዚያ ግን የለችም። ሕመሙና ድካሙ ወስዷታል።

«አልሰማችሽም» አሉ ሲስተር።

ደገምኩት። ያው ዐረፍተ ነገር፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ከአክብሮቱ እንኳ አንዲት ቃል አልቀነስኩም፤ ጭራሽ ጨመርኩበት። ሲስተርና ሌላዋ ነርስ ሊገለብጧት ጎኗን ቢይዙ፣ ሰውነቷ ፈርቶ ደረቀባቸው፤ ምን ሊያደርጓት እንደሆነ አታውቅም፣ ገፋቻቸው። ሕፃኑን አየሁት። ያየሁትን ፊት መቼም አልረሳውም፣ ቀለሙ እየተለወጠ ነበር። ጋሽ መኮንን ከአክብሮት ብዛት የሞተ ሰው የለም ያሉኝ በዚያች ቅጽበት ትዝ አለኝ፤ ትዝ ሲለኝም እዚህ፣ ዓይኔ ሥር፣ አንድ ሰው ሊሞት ነው አልኩ በልቤ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን አስቤ ያደረግኩት አይመስለኝም። አልጋው ላይ ወጥቼ ፊቷን በሁለት እጄ ያዝኩና «ሎዲ!» አልኳት።

ድምፄ የእኔ አልነበረም። ረፋዱ ላይ ጥላው ሥር የሰማሁት ድምፅ ነበር። «ኤኩት፣ ሎዲ። ሽዊ ላ። ሽዊ ላ።» ጫፉ የተቆረጠ፣ የተዋጠ፣ በየትኛውም ደብተሬ የሌለ ፈረንሳይኛ። ቃሉን ማርባት እንኳ አልችልም፤ ግን አልኩት። «ተገልበጪ፣ አብረን፣ እኔ እንዳደርገው፣ አሌ፣ በርቺ ሎዲ።» ከአልጋው ዘልዬ ወርጄ ሲሚንቶው ላይ በጉልበቴና በእጄ ሆንኩላት፣ ቀና ብዬ እያየኋት።

ዓይኗ ከጣሪያው ወርዶ እኔን አገኘኝ። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ሰው ከሩቅ አገር ሲመለስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አየሁ። ስሟን ሰምታ ከሄደችበት ተመለሰች። እጇን ዘረጋች፣ ሲስተርና ነርሷ ደገፏት፣ ያ ደርቆ የነበረ ሰውነት ተገለበጠ። ሲስተር ጫልቱ እጃቸውን አስገብተው አንድ ነገር አደረጉ፤ «አሁን ትግፋ» አሉ። ሳያስቡት በአማርኛ ለእኔ ነው ያሉት፣ እኔ ወደ ፈረንሳይኛ ሳልመልሰው ኤሎዲ ገፋች። ትከሻው ወጣ፣ የቀረውም ተከተለ፣ ልጁ ሲስተር እጅ ላይ ወደቀ።

ሴት ልጅ ናት። ዝም ብላለች።

ሲስተር በጨርቅ ያሿታል፣ ጀርባዋን ይደባብሳሉ፣ አፏን ያጠራሉ። ኮሪደሩም ዝም ብሏል፤ እዚያ ያሉት ሴቶች ዝምታውን ያውቁታል። ኤሎዲ ፊቷ ትራሱ ውስጥ ተቀብሮ፣ በዚያ በተዋጠው ፈረንሳይኛዋ፣ ለምን አታለቅስም፣ ለምን አታለቅስም አለችኝ። ጠዋት ከአፏ የሚወጣ አንድ ቃል መያዝ ያቃተኝ ሰው፣ አሁን እያንዳንዷ ገባችኝ። ፀጉሯን እያሻሸሁ ሽዊ ላ አልኳት።

ከዚያ አለቀሰች። መጀመሪያ ቀጭን፣ የተናደደች ድምፅ፤ ከዚያ ግድግዳውን የሚያንቀጠቅጥ ጩኸት። ኮሪደሩ በእልልታ ተናጋ። እነዚያ ስሟን የማያውቁ ሴቶች፣ እኚያ «ያ አላህ» ሲሉ የነበሩትም እናት፣ ሁሉም እልል አሉ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ፈጣሪ በዚያ ክፍል ውስጥ እንዳለፈ ነው የተሰማኝ፤ ዛሬም ሳስበው ያው ነው የሚሰማኝ። ከባዶ የመጣ ሰው አየሁ። የማያውቀው አገር ደርሶ የሚቆጣ፣ ጣቶቹን የሚዘረጋ ሙሉ ሰው።

ሲስተር ጫልቱ ሕፃኗን እናቷ ደረት ላይ አስቀምጠው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ አጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉ። «ምን እንዳልሻት አላውቅም» አሉኝ። «ብቻ በመጨረሻ አነጋገርሻት።» ከዚያ ወደ ሌላዋ ምጥ ሄዱ።

ጌቱ የደወልነውን ያየው ከቀብር መልስ ነው። መኪና ተከራይቶ ሲበር ምሽቱ ሳይጠነክር ደረሰ። ብቻውን አልነበረም፤ እናቱ ወይዘሮ ዘነበች አብረውት ናቸው። ታላቅ ወንድማቸውን በዚያው ቀን ቀብረው፣ ለቅሶ ቤቱን ለጎረቤት ትተው ነው የመጡት። ጌቱ ወደ ውስጥ ሮጠ። እሳቸው በሩ ላይ ቆሙ። ጥቁር ለብሰዋል፣ ዓይናቸው አብጧል። ይግቡ እንጂ ብላቸው «ከል ለብሼ አራስ ዘንድ አልገባም» አሉኝ። ኮሪደሩ ላይ ከነበሩት ሴቶች አንዷ ሳትጠየቅ ነጭ ነጠላዋን አውልቃ ሰጠቻቸው። ጥቁሩን አጣጥፈው ደጅ ወንበር ላይ ተዉት፣ ነጩን ለበሱ፣ ፊታቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ ገቡ።

ምራታቸውን አይተዋት አያውቁም። ቀጥ ብለው ሄደው ግንባሯን ሳሙና «እንኳን ማርያም ማረችሽ ልጄ» አሏት። አንቺ ብለው ነው፣ ዕድሜ ልካቸውን እንደሚያውቋት። ከዚያ ሕፃኗን ተቀበሉ። ረጅም ጊዜ አዩዋት። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው፣ ትልቅ እንግዳ በር ላይ እንደተቀበለ ሰው፣ እንዲህ አሏት።

«እንኳን ደህና መጡ። መንገዱ ከበደዎት? ቤትዎ ነው፣ ይረፉ። እኔም ወንድሜን ሸኝቼ፣ እርስዎን ልቀበል ነው የመጣሁ።»

ጌቱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ኤሎዲ ምን አሉ ብላ እጄን ጎተተችኝ። ምን ብዬ ልተርጉመው? ያን ቀን ሙሉ ሊገድለን የነበረውን ቃል፣ ቩን፣ አሮጊቷ ከሆዳቸው አውጥተው ለአንድ ሰዓት ልጅ ሰጥተዋታል። በእሷ አገር ሕፃንን ቩ የሚል ካለ ጨዋታ ነው ወይም ቅዝቃዜ ነው። ግን አደራ አለብኝ፣ እንዳለ ነገርኳት። ቩ ነው ያሏት፣ ልክ እንደ ትልቅ እንግዳ፣ አልኳት። እኛ ዘንድ ሰው ሲወድ አንዳንዴ እንዲህም ይላል አልኳት። ሎዲ አማቷን አየች፣ ልጇን አየች። ከዚያ በዚያ በደከመ ድምፅዋ፣ አንድም ቃል ሳትውጥ፣ እያንዳንዱን ጥርት አድርጋ «ስዋዬ ላ ብያንቬኑ» አለቻት ለልጇ። እንኳን ደህና መጡ። ጋሽ መኮንን በረንዳ ላይ የተማርኩት ፈረንሳይኛ፣ ከእነ ከረባቱ። እንዲህ የሚያምር መሆኑን አላውቅም ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቋንቋ የምትማሩም የማትማሩም፣ ያ ቀን ምን ለወጠብሽ ብትሉኝ ሥራዬን ለወጠው እላችኋለሁ፤ ዛሬ አስተማሪ ነኝ። ጋሽ መኮንን የሚያስተምሩትን አስተምራለሁ፤ ሎዲና እህቷ ግቢው ውስጥ ያወሩትን የተቆራረጠ ፈረንሳይኛም አስተምራለሁ፤ አንዱን ጥሩ ሌላውን መጥፎ ብዬ አልለይም። ልጆቹ ሕግ ይፈልጋሉ። እርስዎ ለማን፣ አንቺ ለማን? እኔ የምላቸው፣ ከመናገራችሁ በፊት የሰውየውን ፊት እዩ፣ ምን እንደሚፈልግ ፊቱ ይነግራችኋል ነው። አንዳንዱ ሰው ከፍ አድርጋችሁ እንድታዩት ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ወለል ላይ ወርዳችሁ እንድታገኙት። አባቴን ዛሬም አንቱ ነው የምላቸው። ብቻ አሁን አንቱ ስላቸው እጃቸውን እይዛለሁ፤ ደንግጠው ነበር መጀመሪያ፣ አሁን ለምደውታል።

ባለፈው ፋሲካ እነ ጌቱ ጋብዘውኝ አቦምሳ ሄጄ ነበር። ልጅቷ አፏን ፈትታለች፤ አማርኛና ፈረንሳይኛ እያደባለቀች ቀኑን ሙሉ ታወራለች። አያቷ እስከ ዛሬ እርስዎ ይሏታል፤ ምሳዎን ይብሉ፣ ጫማዎን ያድርጉ። እሷ ግን «ዘኑ፣ ነይ፣ ነይ አንቺ» እያለች ቀሚሳቸውን ትጎትታለች። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ነበርና አንዷ አክስት ደንግጣ፣ አያትን እንዲህ አይባልም፣ አንቱ በይ ብላ ልትቆጣት ተነሳች።

«ተያት» አሉ ወይዘሮ ዘነበች። «አንቺ የሚለኝ ሰው ወንድሜ ብቻ ነበር የቀረኝ። እሱን ከቀበርኩ ወዲህ በዚህ ቤት አንቺ ያለኝ እሷ ናት።»

ከዚያ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡና ልጅቷ ወደጠራቻቸው ሄዱ።